የጉም በር ግዝት

«አንገቷን ያዛት! ልጓሟን ሳብ!»

በቅሎዋ ከደጀ ሰላሙ ሃያ ርምጃ ሳትርቅ ጭነቱ ወደ ግራ አጋደለባት። አንዳርጋቸው ሮጦ በትከሻው ደገፈው፤ መጫኛውን ፈታና ጉልበቱን ከጎኗ አስደግፎ እንደገና አጠበቀው። ለሽኝት የወጣው ሕዝብ ባለበት ቆመ። ጭነት ገና ከደጅ ሲያጋድል «ገደ ቢስ መንገድ ነው» የማይል ሰው በጉም በር አይገኝም። ይሁን እንጂ መንገደኛው ካህን ነው፤ በካህን መንገድ ላይ ገድ መቁጠር ነውር ስለሆነ ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ስለ ብርዱ ማውራት ጀመረ።

የትነበርሽ ግን አየች። አይታም በልቧ ደስ አላት። ወዲያው በራሷ አፈረችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ የልጇን የአበቡን እጅ ያዘች።

ደርግ በወደቀ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነበር። ባለቤቷ ቄሰ ገበዝ ዳኛው ሃያ ዓመት ካገለገሉባት ከጉም በር ማርያም ተነሥተው፣ ሚስታቸውንና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ይዘው፣ ከጂንካ ወዲያ ወዳለ ቆላ ሊሄዱ ነው። በዚያ አገር ከሦስት ዓመት በፊት ብዙ ሕዝብ ተጠምቆ ነበር። ያጠመቁት ሰባክያን ወደየመጡበት ተመለሱ። ሕዝቡ ግን የሣር ክዳን ያላት አንዲት መቃኞ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ፣ መጥቶ የማይመለስ ካህን ሲጠብቅ ኖረ።

ደብዳቤው ከጎንደር የደረሰው በመስቀል ሰሞን ነው። በታይፕ የተመታ፣ ወይን ጠጅ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር። ከነቤተሰቡ ጎጆ ቀልሶ የሚኖር ካህን እንደሚፈለግ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ካልደረሰ ምእመናኑ ዘንድሮም ፋሲካን ያለ ቁርባን እንደሚውሉ ይናገራል። ቄስ ዳኛው ማታ እሳት ዳር ጮክ ብለው አነበቡት። «የአርባ ቀኑ ሕፃን ዓመት ሞልቶት ሳይጠመቅ ይቆያል፤ ሙታናችንንም ካህን ስለሌለን በቃላችን የያዝናትን ያህል እየደገምን እንቀብራለን» ከሚለው ሲደርሱ የትነበርሽ ብድግ አለች። ጥጃ ላስር ብላ ወጣች። ጥጃው ታስሮ ነበር።

ስትመለስ ባሏ ደብዳቤውን አጥፈው በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ እየከተቱ ነበር። «ምን ትያለሽ?» አሏት። «አንቱ እንዳሉ» አለች። እሺም እንቢም ያልሆነ ቃል ነው፤ ብዙ ሴት በዚህ ቃል ተጠግታ ኖራለች። ጎንደር ያለ ቢሮ ስንቱን ደብዳቤ ጽፎ ረስቷል፣ ይሄም ይረሳል ብላ ተስፋ አደረገች። ጎንደር ግን አልረሳም። ነገ ጧት ከፒያሳ የሚነሣ መኪና ተዘጋጅቷል። እሱ ላይ ለመድረስ ደግሞ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከገደሉ ግርጌ አዲ አርቃይ ከተማ፣ ከሽሬ የሚመጣውን አውቶቡስ ማግኘት አለባቸው።

ሽኝቱ እንደ አገሩ ልማድ እስከ አፋፉ ነው። ከአፋፉ ወዲያ መሬቱ ወደ አዲ አርቃይ ይወድቃል፤ ደጋው አልቆ ቆላው ይጀምራል። ጭነቱ ብዙ አልነበረም፦ የሽሮና የበርበሬ አቅማዳ፣ ሁለት ቁርበት፣ ቢጫ ጀሪካን፣ የቄስ ዳኛው አልባሳት፣ ለቀብር የሚደገመው መጽሐፈ ግንዘት፣ ደብሩ ካሉት ሁለቱ አሮጌው ብራና፣ ደግሞም በላስቲክ የተጠቀለለ አጎበር። አጎበሩን ቄስ ዳኛው የገዙት ጎንደር አራዳ፣ ከሐጂ አብዱልጀሊል ሱቅ ነው። «መተማ ነግጄ አውቃለሁ ቄሱ፤ ቆላ ያለዚህ አይገባም። ጫፉን ከመኝታው ሥር ወትፉት» ብለው መክረዋቸዋል። ቄስ ዳኛው እቤት አምጥተው ሲዘረጉት አበቡ ከውስጡ ገብታ ስትስቅ፣ የትነበርሽ መግነዝ መስሎ ታያት። ልጅቷን ጎትታ አወጣቻትና ያለ ምክንያት ተቆጣቻት።

ከአፋፉ ሲደርሱ የንጉሡን ዘመን ማዕርግ ከሰማንያ ዓመታቸው ጋር ተሸክመው የሚኖሩት ግራዝማች በላቸው ከዘራቸውን ተክለው መረቁ።

«እሾህ አይውጋችሁ፣ እንቅፋት አይምታችሁ። በሄዳችሁበት ሰው ይውደዳችሁ፣ ውኃው ይስማማችሁ። እኛንም በጸሎት አትርሱን።»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ሴቶቹ አለቀሱ። ግራዝማች ወደ የትነበርሽ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው አባ ወልደኢየሱስ ቀሩ? የነፍስ አባትሽ አይደሉም እንዴ?»

«አሟቸው ይሆናል» አለች የትነበርሽ።

«ከኪዳን ላይ ደኅና ነበሩ» አሉ ግራዝማች። አገጫቸውን እያሻሹ ተመለሱ።

ሕዝቡ ወደ መንደሩ ዞረ። ከአፋፉ ላይ ቄስ ዳኛው፣ የትነበርሽ፣ አበቡና ጭነቱን አዲ አርቃይ አድርሶ የሚመለሰው አንዳርጋቸው ብቻ ቀሩ። አንዳርጋቸው የየትነበርሽ ታናሽ ወንድም ነው። በቅሎዋን ወደ ቁልቁለቱ አስገባትና ጥቂት ወርዶ ወደ ኋላው ሲመለከት፣ እኅቱ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«እታለም፣ ምነው? ጉልበትሽ ተነሣ?»

የየትነበርሽ ጉልበት በጉም በር የታወቀ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አዲ አርቃይ ገበያ ወርዳ አታውቅም፤ ጨው የሚያመጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው። ለምን ሲሏት ጉልበቴ ትላለች። እንጨት ለመልቀም ዳገት ስትወጣ ግን ፍየል አትቀድማትም። «የየትነበርሽ ጉልበት ቁልቁለት ብቻ ነው የሚጠላ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

«አልወርድም» አለች አሁን።

«በቅሎዋ ላይ ላውጣሽ?» አሉ ቄስ ዳኛው።

«ጉልበቴ ምንም አልሆነ። ምያለሁ።» ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨመደደችው። «በወንዴ መቃብር ላይ ምያለሁ። በአርባው ቀን። ‹ዳግመኛ ቆላ ብወርድ፣ ይችንም ልጄን ቆላ ባወርድ አጥንቱ ይፋረደኝ› ብያለሁ። አባ ወልደኢየሱስም ገዝተውበታል።»

አንዳርጋቸው የበቅሎዋን ልጓም ለቀቀው። አበቡ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች።

ወንዴ የበኩር ልጃቸው ነበር፤ ዲያቆን፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ። ሰሊጥ አጭዶ ለመጽሐፍ መግዣ ሊያመጣ ሁመራ ወረደ፤ በኅዳር የቆላ ወባ ይዞት ተመለሰና በአምስተኛው ቀን አረፈ። ያ ከሆነ አራት ዓመት አለፈ። በእነዚያ አራት ዓመታት ቄስ ዳኛው ስለ መሐላው ሰምተው አያውቁም።

ግዝት ቀልድ አይደለም። ካህን መስቀሉን አንሥቶ ያሰረውን ቃል ያው ካህን ካልፈታው፣ የጣሰው ሰው ከቁርባን ተለይቶ ይኖራል፤ ሲሞትም ፍትሐት አያገኝም። ከጉም በር ሕዝብ ግማሹን የሚናዝዙት፣ የሚፈቱት ቄስ ዳኛው ናቸው። የገዛ ሚስቱ የነፍስ አባት የሚሆን ቄስ ግን በዚያ አገር ደንብ የለም። እጃቸው መስቀላቸውን ከኪሳቸው ሊያወጣ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ በተሻላት።

«ደብዳቤው ይቀራል ብዬ። ኋላ ደግሞ… ከወንዴ ወዲህ ደስ ብሎዎት ያየሁት ደብዳቤው የመጣ ቀን ነው። በምን አፌ?»

ቄስ ዳኛው ቁልቁለቱን አዩ። ከታች፣ ከጉሙ ሥር፣ የአዲ አርቃይ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ያበራሉ።

«ሂጂ ጠይቂያቸው» አሉ በመጨረሻ። «ቢፈቱሽም ባይፈቱሽም እኔ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

«አያ ቄስ፣ አውቶቡሱሳ?» አለ አንዳርጋቸው።

«አውቶቡስ አይቀየምም።»

የትነበርሽ ተነሥታ ወደ መጣችበት ሄደች። ከአፋፉ እስከ ማርያም የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ እርሻው ታጭዶ ሜዳው ባዶ ነው። ስትራመድ ልቧ የሚላትን ሰማች፤ የሚላት ነገር ደግሞ ሸጋ አልነበረም። እንቢ ይበሉኝ ይላል። ሽማግሌው እንቢ ቢሉ ነገሩ ከእጇ ይወጣል፤ ባሏም አይወቅሷት፣ እግዜርም አይጠይቃት። አገሩ «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል። ይህን የተናገረ ሰው የወለደው ጠፍቶበት አያውቅም ብላ አሰበች። እሷ አንዱን ሰጥታለች። ቃሉን ደግሞ አጥብቃ የያዘችው ሁለተኛዋ እንዳትጠፋ ነው።

ደብሩ ግቢ ስትገባ አባ ወልደኢየሱስን ፈልጋ መድከም አላስፈለጋትም። ሽማግሌው መነኩሴ ከጽዱ ሥር፣ ከወንዴ መቃብር አጠገብ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመው ነበር። ቆባቸው ላይ ጤዛ አለ፤ ከኪዳን ጀምረው ከዚያ እንዳልተንቀሳቀሱ ያስታውቃል።

«መጣሽ» አሉ።

ከእግራቸው ላይ ወደቀች። «ይፍቱኝ አባቴ» ማለት ሲገባት አፏን የቀደመው ሌላ ነገር ነው። «ለምን አልሸኙኝም?»

«ፈርቼ ነዋ። በሰው ፊት ላይሽ ፈርቼ። ሳትጠይቂኝ ግዝቱን ረግጠሽ ወርደሽ እንደሁ ብዬ ደግሞ ከዚህ ቆሜ ስለምንልሽ ነበር። ተነሽ።»

አልተነሣችም። «እንግዲያ ከፈሩ ይበሉኛ። ቃል ቃል ነው ይበሉኝና ልመለስ።»

አባ ወልደኢየሱስ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከመሬቱ ላይ ተቀመጡ። የሰማንያ ዓመት ሰው መቀመጥ ረጅም ሥራ ነው፤ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«የዚያን ቀን መሬቱን በጥፍርሽ ስትቧጭሪ ነበር» አሉ። «ደም ወጣሽ። ሴቶቹ ሊይዙሽ አልቻሉም። ማልሁ ስትይ በለቅሶው ጫጫታ ከእኔ በቀር የሰማሽ አልነበረም፤ ዝም ያሰኛት ይሆናል ብዬ መስቀሌን አነሣሁና ገዘትሁበት። እውነትም ዝም አልሽ። ሕዝቡ አባ አረጋጓት አለ። እኔም ሸጋ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ እቤቴ ገባሁ። ኀዘን ይፈታል እንጂ አይታሰርም ልጄ። የሚጮኽ ቁስል ላይ ክዳን ገጥሜበት ሄድሁ። ጨው ስታስልኪ ባየሁሽ ቁጥር የማየው የገዛ ስሕተቴን ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀድመው አልፈቱኝም?»

«ሳይጠይቁት የሚፈታ ካህን የለም። ማን ትፈልጋለች አለኝ? ጥላ ሆኖሽ ነበር።»

የትነበርሽ ቀና ብላ አየቻቸው። የልቧን ማወቃቸው አናደዳት። አራት ዓመት ለማንም ያላሳየችውን ነገር ይህ ዐይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ አይቶት ኖሯል።

«እንግዲህ ይፍቱኝ» አለች፤ በእልህ ነበር ያለችው።

አባ ወልደኢየሱስ መስቀላቸውን አወጡ። በግዕዝ ደገሙላት፤ ሦስት ጊዜ ግንባሯን፣ ሦስት ጊዜ ትከሻዋን ባረኩ። «ያሰርሁሽ እኔ ነኝ፤ በተሰጠኝ ሥልጣን ፈትቼሻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔንም ይፍታኝ።» መስቀሉን ሳመች። «አሁን ምንም ማሰሪያ የለብሽም። ብትቀሪም በፈቃድሽ ነው፤ ብትሄጂም በፈቃድሽ።»

ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። አራት ዓመት ከቁልቁለቱ የከለላት ግድግዳ በአንድ ቃል ፈረሰና፣ ቆላው፣ ወባው፣ የአበቡ ቀጭን ትከሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቷ ቆሙ። ፈራች። በልጇ መቃብር ላይ እጇን አሳረፈች። ድንጋዩ ጧት ስለሆነ ይቀዘቅዛል።

«አባቴ፣ ያልነገርሁዎት ነገር አለ» አለች። «ለቄስም አልነገርሁ። ወንዴ በታመመ በሁለተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት አጫወተኝ። ሁመራ ሰሊጡ መሀል አንድ ሠራተኛ ሞተ አለኝ፤ የጎጃም ሰው። ካህን የለም። ዘመድ የለም። ሠራተኞቹ ‹አንተ ዲያቆን አይደለህ› ብለው ያዙት። ግንዘት አልያዘ፣ ቅስና የለው። ከዳዊት በቃሉ የሚያውቀውን ደገመለት፤ እነሱም አሜን እያሉ ቀበሩት። ‹የቄስ ሥራ በድፍረት ሠራሁ፤ ኃጢአት ሆኖብኝ ይሆን እምየ?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ተኛ ልጄ አልሁት። ደክሞት ነበራ። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ። ነገውን አፉ ተያዘ።»

ሽማግሌው ዐይናቸውን በቀሚሳቸው እጅጌ ጠረጉ። «እኔ ልንገርሽ» ብለው ጀመሩ።

«አይንገሩኝ» አለች። «የጠየቀኝ እኔን ነው።»

የትነበርሽ ከመቃብሩ ራስጌ ተጠጋች። ደብዳቤው የተነበበ ማታ ከቤት ያስወጣት ይኸው ነበር። እነዚያ ፊታቸውን የማታውቃቸው የቆላ ሰዎች፣ በቃላቸው የያዙትን እየደገሙ ሬሳ ሲቀብሩ፣ ኃጢአት ሆኖብን ይሆን እያሉ የሚጠይቁት ሰው የላቸውም። እሷ ይህን ታውቃለች። ከጉም በር ሰው ሁሉ እሷ ብቻ ታውቃለች።

«አልሆነብህም ልጄ» አለች ወደ ድንጋዩ ጎንበስ ብላ። «ኃጢአት አልሆነብህም። ደግ አደረግህ።» ከዚያ አለቀሰች። መሬት አልቧጨረችም፤ እንደ ማንኛዋም እናት ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሽማግሌውም አልከለከሏትም።

ስትነሣ ፀሐዩ ከጽዱ በላይ ወጥቶ ነበር።

«ቀኖናዬን ይስጡኝ» አለች።

አባ ወልደኢየሱስ አሰቡ። «ስግደት አልሰጥሽም፣ ጉልበትሽን ያምሻል ይላሉ» አሉ፤ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ቢጤ መጣና ሄደ። «ቀኖናሽ ይህ ነው። በዚያ አገር ልጇ የሞተባት እናት ስታገኚ ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ። ተጽናኚ፣ ማርያም ታውቅልሻለች፣ ዝም በይ አትበያት። ልትምል አፏን ስትከፍት ግን እጅሽን ከአፏ ላይ አድርጊ። ባልሽ መስቀል ቢያነሣም እጁን ያዢው። ይኸን እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ።»

«እሺ አባቴ።»

«ከእንግዲህ አንተያይም።»

«አንተያይም» አለች። ጉልበታቸውን ስማ ሄደች።

አፋፉ ላይ ስትደርስ በቅሎዋ ባዶ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ሣር ትነጫለች። ጭነቱ በሙሉ ወርዷል፤ አቅማዳው፣ ቁርበቱ፣ ጀሪካኑ ከመንገዱ ዳር ተደርድረዋል። ቄስ ዳኛው ብራናውን መጽሐፈ ግንዘት በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈውት፣ አበቡ ጭናቸው ላይ ተኝታ፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ ያስወረድሁት» አሉ ገና ሳትናገር። «አስቤበታለሁ። ለጎንደር እጽፋለሁ፤ ሌላ ካህን ይፈልጋሉ። አንቺን ከልጅሽ አጥንት ጋር አጣልቼ የምሰብከው ወንጌል የለኝም።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው እንዴት እንደነበረ የትነበርሽ እስክትሞት አልረሳችውም። እየሣቁላት ነበር። ያን የመስቀል ሰሞን ደስታ ግን ከፊታቸው ላይ አጥፈው አስቀምጠውታል፤ ልክ ደብዳቤውን እንዳጠፉት።

ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ጫን» አለችው።

አንዳርጋቸው እሷንም አማቹንም አየ። «ፈቱሽ እንዴ? ጉልበትሽስ እታለም?»

«ጉልበቴ መቼም ታሞ አያውቅም። ጫን ብዬሃለሁ፤ አውቶቡሱ ያመልጠናል።» ቁርበቱን ራሷ አነሣችና አቀበለችው። አጎበሩ ከአቅማዳው ሥር ሊገባ ሲል እጁን ያዘችው። «እሱን ከላይ አድርገው። ስንደርስ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው።»

ቄስ ዳኛው መጽሐፉን እንደታቀፉ ተነሡ፤ ፊታቸውን ወደ ማርያም አዙረው ተሳለሙ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ስላየች ዐይኗን ወደ ሌላ መለሰችላቸው።

ጭነቱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። የትነበርሽ አበቡን ቀሰቀሰቻት፤ የእጇን ጣቶች ከጣቶቿ ጋር ቆላለፈች። ፍርሃቷ አልተዋትም፤ ቆላውም ያው ቆላ ነው። ግን ወረደች። ከበቅሎዋም፣ ከባሏም ቀድማ፣ አራት ዓመት ያልረገጠችውን የመጀመሪያውን ደረጃ ድንጋይ ረገጠች።

«እምየ፣ ቀስ በይ» አለች አበቡ። «ያዳልጣል።»

«አውቀዋለሁ» አለች የትነበርሽ። «አንቺ ብቻ እጄን እንዳትለቂ።»